የሞተሩ ኮምፒዩተር መዝገብ መቼ ይፋቃል?

ባለፈው ክረምት የአንድ ጓደኛችን አባት በሚተዳደሩባት ያሪስ ዳሽቦርድ ላይ፥ የሞተር ሥዕል ያለባት ቢጫ መብራት በራች። ወደ ጋራዥ ወሰዷት፤ መካኒኩ የባትሪውን ሽቦ ፈታ፥ ጥቂት ቆይቶ አሰረ፥ መብራቷም ጠፋች፥ ሒሳቡንም ተቀበለ። በአራተኛው ቀን ግን ተመልሳ በራች። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ብንሆንም (የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን ይሳቁብን)፥ ነገሩ የቤተ ሰብ እንጀራ ነውና ልናጠናው ተነሣን።

የጥንቱ ካርቡራተር ትዝታ የለውም። በዛሬዎቹ መኪናዎች ግን ቤንዚኑን የሚመጥነው ኮምፒዩተር ነው። በጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክሲጅን ሴንሰር አየር በዝቶ ቤንዚን ማነሱን ሲነግረው፥ ኮምፒዩተሩ ቤንዚን ይጨምራል፤ የጨመረውንም ልክ በመዝገቡ ይይዛል። ጭማሪው ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ የጥፋት ቁጥር ይጽፍና መብራቷን ያበራል። በዚያች መኪና የተጻፈው ፒ0171 ነበር፤ ትርጓሜውም ቤንዚን ከአየሩ ጋራ ሲመዛዘን አንሷል ማለት ነው። ከቁጥሩም ጋራ ጥፋቱ በታየበት ጊዜ የነበረውን ፍጥነትና የሞተር ሙቀት ይመዘግባል። እንግዲህ ባትሪውን አስቀድሞ የፈታ ሰው፥ በሽተኛውን ሳይመረምር ካርዱን ቀደደ ማለት ነው።

ሌላ መካኒክ ቁጥሩን ጽፎ ይዞ ቢፈልግ፥ ከአየር መለኪያው ቀጥሎ ያለው የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ ያልተለካ አየር ሲያስገባ አገኘው። ቱቦው ተለወጠ። መፋቅ የሚገባው እንግዲህ አሁን ነው፤ አለዚያ ኮምፒዩተሩ የለመደውን ጭማሪ ለጥቂት ጊዜ ሊቀጥል ይችላል።

የሚበጀው በማንበቢያ መሣሪያው መፋቅ ነው። መሣሪያ ከሌለ፥ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ማውጣት፥ የባትሪውን ነጋቲቭ ብቻ መፍታት፥ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ መልሶ ማጥበቅ ነው። በአንዳንድ መኪና ግን ይህ መዝገቡን አይፍቀውም፤ ሬዲዮውም የምሥጢር ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በሚኒሞ ቢንገራገጭ አያስደንግጥ፤ ኮምፒዩተሩ ከፊደል ይጀምራልና ጥቂት ቀን በከተማም በአውራ ጎዳናም መነዳት ይፈልጋል።

አሮጌ መኪና ለመግዛት የምታስቡ አንባብያን ደግሞ ይህን ልብ በሉ። በአሜሪካ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ ግዴታ በሆነውና በሌሎችም አገሮች መኪናዎች በሚገኘው ሥርዓት፥ ኮምፒዩተሩ ራሱን የፈተነባቸውን ፈተናዎች መጨረስ አለመጨረሱን ይናገራል። ሻጩ «መብራት የለባትም» እያለ መሣሪያው «ፈተናዎቹ አልተፈጸሙም» ካለ፥ መዝገቡ በቅርቡ ተፍቆ ወይም ባትሪው ተፈትቶ ይሆናል። ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ጥቂት ቀን ተነድታ ዳግመኛ እንድትታይ ጠይቁ።