ያልተመለሰው ደብዳቤ

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በአካባቢያችሁ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ተወያዩ።

ምንባብ

በጥር ወር 2003 ዓ.ም. ከስድስት ዓመት በኋላ ቤተሰቦቼን ለመጠየቅ ወደ ጎጃም ተነሣሁ። አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ወጥቶ፣ የሰላሌን ሜዳ አቋርጦ ጎሃ ጽዮን ሲደርስ ብርዱ አለቀቀንም ነበር። ከዚያ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ወዳለው የዓባይ ሸለቆ እየተጠማዘዝን ስንወርድ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢውን አውልቆ በሙቀት ተጨነቀ። ከአሮጌው ድልድይ አጠገብ፣ ስሄድ ያልነበረ፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራ አዲስ ድልድይ ተዘርግቶ አየሁ። «እኔ ሳልኖር ስንቱ ተለውጦ ይሆን?» ስል አሰብሁ።

ደጀን ወርጄ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሬ ተጓዝሁ። ጤፉ ታጭዶ፣ በየአውድማው ውቂያው ደርቶ ነበር። እናቴ ከሩቅ አይታኝ እልል እያለች ወጣች። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ እግሬ ታጠበ፤ ጠላ ተቀዳ። በጨዋታው መካከል ስለ አብሮ አደጌ ጠየቅሁ። ቤቱ ጸጥ አለ። «ደኅና ነው፤ ቆላ ወርዷል» አለችና እናቴ ፊቷን ወደ ምድጃው መለሰች።

እኔና እርሱ በአንድ ወንበር ተቀምጠን የተማርን ነበርን። አባቱ ሲሞቱ ከሰባተኛ ክፍል ወጥቶ ሞፈር ጨበጠ። በ2001 ዓ.ም. በጻፈልኝ ደብዳቤ «ልጄ ሰባት ዓመት ሞላው። ትምህርት ቤት ላግባው ወይስ ከብት ይጠብቅልኝ? አንተ ተምረሃልና ምከረኝ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልሁ ሳልመልስለት ቀረሁ።

በማግሥቱ ዶሮ ሲጮህ ብነቃ፣ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃችን ተቀምጠዋል። በአገራችን ለመንገደኛ መርዶ እንደ ደረሰ አይነገረውም፤ እህል ቀምሶ፣ ድካሙ ወጥቶለት ካደረ በኋላ፣ ኀዘኑን ብቻውን እንዳይሸከም ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ይነግረዋል። ከሁሉ የሚያረጁት አባት «ልጄ፣ የሰው ልጅ እንግዳ ነው። ወንድምህ ባለፈው ክረምት ታሞ ዐርፏል» አሉኝ።

ወዲያው እናቱ ዘንድ ሄጄ አብሬያቸው አለቀስሁ። እንባቸውን ጠርገው፣ ሳይቆጡ፣ «ከደጀን የሚመጣውን ሰው ሁሉ፣ ደብዳቤ አልያዝህልኝም? እያለ ይጠይቅ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ንግግር ይልቅ ቁጣ በቀለለኝ ነበር። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ የእረኛ በትሩን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ያየናል።

አባቱ የጠየቀኝን ምክር ለአያቱ ሰጠሁ። ከአጎቱም ጋር ተነጋግረን፣ ከብቱን ከጎረቤት ጋር በተራ ለማስጠበቅ ተስማሙ። በቀሩኝ ስምንት ቀናት ልጁን ፊደል አስቆጠርሁት። በመስከረም ትምህርት ቤት ገባ። በዓመቱም በገዛ እጁ የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ መልሱን በዚያው ሌሊት ጻፍሁለት።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ባላቸው ፍቺ መሠረት ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው፦ መርዶ፣ አብሮ አደግ፣ አውድማ፣ ሞፈር ጨበጠ።

ለ. ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።

1. እናቱ «ቆላ ወርዷል» ያለችው ለምንድን ነው? ይህን ውሸት ትሉታላችሁን?
2. ተራኪው «ቁጣ በቀለለኝ ነበር» ሲል ምን ማለቱ ነው?
3. ሳትመልሱለት የዘገያችሁበት ሰው ካለ ዛሬውኑ ደብዳቤ ጻፉለት።