ከኪያቤው በፊት ደብተሩ፦ የትልቅ የጋዝ ሞተር የላይኛው ክፍል ኦቨርሆል

በሞተር ሙያ የምንሠለጥንና የምናሠለጥን ሁሉ አንድ ልማድ እንዳለን ይታወቃል። ኦቨርሆል የሚለው ቃል ገና ሲነሣ ወደ መፍቻው ሣጥን እንሮጣለን። ቴስታታ ማውረድ ደስ ይላል፤ ተማሪም ይወደዋል። በዛሬው ትምህርታችን ግን የትልቅ የጋዝ ሞተርን የላይኛው ክፍል ኦቨርሆል ስንመለከት፣ ሥራው የሚጀምረው አንድም ቡሎን ሳይፈታ፣ ከብዙ ሺህ ሰዓት በፊት፣ በደብተር ላይ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

በቅድሚያ ስለ ሞተሩ ጥቂት እንበል። በጋዝ የሚሠራ ሞተር አዲስ ግኝት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሌኗር እ.ኤ.አ. በ1860 ፓሪስ ላይ ያቀረበው ሞተርም ሆነ ኦቶ በ1876 በጀርመን አገር በዶይትዝ ያስነሣው ባለ አራት ምት ሞተር ይሠሩ የነበሩት ለመብራት በሚውል ጋዝ ነበር፤ የቤንዚኑ ሞተር የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። ለዛሬው ትምህርት ምሳሌ ያደረግነው በኦስትሪያ፣ በዬንባኽ ከተማ የሚሠራውን ዬንባኸር 620 የተባለውን ሞተር ነው። ይህ ሞተር በቪ ቅርጽ የተደረደሩ 20 ሲሊንደሮች አሉት። የሲሊንደሩ ዲያሜትር 190 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ምልልስ 220 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በደቂቃ 1,500 ጊዜ እየዞረ 3 ሜጋ ዋት ገደማ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በኔዘርላንድ የአትክልት መስታወት ቤቶች እንዲህ ያሉ ሞተሮች ኤሌክትሪክ ብቻ ሳይሆን ሙቀትም ይሰጣሉ፤ ጭሳቸው ከተጣራ በኋላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ለተክሎቹ ይለቀቃል። እንግዲህ ሞተሩ በብርዳማው ወራት ሌሊት ላይ ሳይታሰብ ቢቆም የሚጎዳው ባለ ሞተሩ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቴስታታ አለው፤ በእያንዳንዱ ቴስታታ ላይ አራት ቫልቭ ይገኛል። 20 ቴስታታ፣ 80 ቫልቭ። ሞተሩ ባለ አራት ምት ስለሆነ አንዱ ቫልቭ በደቂቃ 750 ጊዜ፣ በሰዓት 45,000 ጊዜ ይከፈታል ይዘጋል። በ30,000 ሰዓት ውስጥ መቀመጫውን 1 ቢሊዮን ከ350 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። በዚህ ዓይነት ሞተር ዋናው ኦቨርሆል የሚደረገው ወደ 60,000 ሰዓት ሲጠጋ ነው። ይህ ለከባድ መኪና ቢሆን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሂሳብ 3 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር መንገድ ነው! የታችኛው ክፍል፣ ማለትም ኮሎና ብሮንዚኑ፣ ይህን ጉዞ ይችለዋል። የላይኛው ግን አይችለውም፤ ስለዚህ በመካከሉ ለብቻው ይከፈታል።

ለምን አይችለውም? የናፍጣ ሞተር ለለመደ ሰው እዚህ ላይ አንድ እንግዳ ነገር አለ። ጋዝ ደረቅ ነዳጅ ነው። ናፍጣ ሲቃጠል የሚተወው ጥቀርሻ በቫልቩና በመቀመጫው መካከል እየገባ እንደ ስስ ትራስ ያገለግላል። ጋዝ ይህን አይተውም። በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚገባው ከሞተር ዘይቱ የሚቀረው ጥቂት አመድ ብቻ ነው። ለዚህም ነው ለጋዝ ሞተር የሚመረጠው ዘይት በአመዱ መጠን የሚለየው፤ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 0.5 ገደማ ነው። አመዱ ካነሰ ቫልቩ መቀመጫውን እየበላ ይሰምጣል። ከበዛ ደግሞ በፒስቶኑ ራስና በቫልቩ ፊት ላይ ተጋግሮ ይግላል፤ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። «ዘይት ያው ዘይት ነው» ብሎ የከባድ መኪና ዘይት የሚሞላ ሰው ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

ቫልቩ ወደ መቀመጫው በሰመጠ ቁጥር የግንዱ ጫፍ ወደ ላይ ይወጣል። በግንዱና በሮከሩ መካከል ያለው ክፍተት ይጠብባል። ክፍተቱ ካለቀ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። የጋለ ቫልቭ ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያስተላልፈው በመቀመጫው በኩል ነውና፣ መቀመጫውን ካልነካ ይቃጠላል፤ ከተቃጠለ ይሰበራል። የተሰበረው ቁራጭ ፒስቶኑንና ካሚቻውን ሰባብሮ በጭስ መውጫው በኩል እስከ ቱርቦው ሊደርስ ይችላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት ለዚህ ሥራ የተተረተ ይመስላል።

ታዲያ በጊዜው እንዴት ይታወቃል? ክፍተት ማስተካከል ማንም መካኒክ ያውቃል። ችግሩ ግን እዚያው ላይ ነው። ክፍተቱን ሳይለካ የሚያስተካክል ሰው ሞተሩን ያድናል፣ ማስረጃውን ግን ያጠፋል፤ ቫልቩ ምን ያህል እንደ ሰመጠ ከእንግዲህ ማን ይናገር? ስለሆነም ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ፒስቶኑ በመጨመቂያው ምት ላይ ጫፍ ሲደርስ፣ የግንዱ ጫፍ ከቴስታታው ከተላገ ፊት ምን ያህል ከፍ እንዳለ በጥልቀት መለኪያ ተለክቶ ይጻፋል። ቴስታታው አዲስ ሳለ የተለካው ቁጥር ዜሮ ተብሎ ይያዛል።

አንድ ምሳሌ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንሥራ። ቁጥሩ ለትምህርት የተወሰደ ነው፤ እውነተኛው ልክ ከፋብሪካው መመሪያ ይወሰዳል። የሚፈቀደው የመስመጥ ልክ 2.0 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። አንዱ ቫልቭ በ10,000 ሰዓት 0.3፣ በ20,000 ሰዓት 0.7፣ በ24,000 ሰዓት 1.1 ሚሊ ሜትር ሰምጦ ተገኘ። የቀረው 0.9 ነው። ጠቅላላውን አማካይ የሚወስድ ተማሪ 1.1ን ለ24 አካፍሎ ሞተሩ እስከ 43,600 ሰዓት ገደማ ይሄዳል ይላል። የመጨረሻውን ርቀት ብቻ የሚመለከት ግን በ4,000 ሰዓት 0.4፣ ማለትም በየሺው 0.1 መሆኑን አይቶ 33,000 ላይ ያበቃል ይላል። በሁለቱ መልስ መካከል ከ10,000 ሰዓት በላይ ልዩነት አለ! አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ተማሪ ሞተሩን ከዓመት በላይ በተቃጠለ ቫልቭ ሊነዳው ነው ማለት ነው። በእኛ አስተያየት ከዚህ ሁሉ ትምህርት ተማሪው አንድ ነገር ብቻ ይዞ ቢወጣ ይህ ሂሳብ ይሁን። ፍጥነቱ ለምን ጨመረ የሚለውም ጥያቄ ወዲያው ይከተላል፤ ዘይት ተለውጦ ይሆን? ጭነቱ ከፍ ብሎ ይሆን?

ከመፈታቱ በፊት አየር በካንዴላው ቀዳዳ በኩል ወደ ሲሊንደሩ ይገባና ጆሮ ሥራውን ይሠራል። ፉጨቱ በጭስ መውጫው ከተሰማ የጭስ ቫልቩ ነው፤ በአየር ማስገቢያው ከሆነ የማስገቢያው ነው፤ በዘይት ማጠራቀሚያው መተንፈሻ ከወጣ ፋሻው ነው። በማቀዝቀዣው ውሃ ውስጥ አረፋ ካየን ጓርኒሲዮኑን ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ እንጠረጥራለን። የገባው አየር ሞተሩን ሊያዞረው ስለሚችል አስቀድሞ ይታሰር፤ እጅም ከሚዞረው ክፍል ይራቅ።

ስለ ጋዙ አደጋ አጭር ቃል፦ በእጅ የሚዘጋው ቫልቭ ተዘግቶ ይቆለፋል፣ ቁልፉ በሠራተኛው ኪስ ይገባል፣ በመስመሩ የቀረው ጋዝ ወደ ውጭ ይለቀቃል፣ የማስነሻው ባትሪ ይነቀላል። ሜቴን በአየር ውስጥ ከመቶ 5 እስከ 15 ሲደርስ ይፈነዳል፤ ከአየር ስለሚቀል ጣሪያ ሥር ይጠራቀማል። ይህ ለድርድር አይቀርብም።

ቡሎኖቹ የሚላሉት በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየደረጃው፣ ከማጥበቂያው ተራ በተቃራኒ ነው፤ አለበለዚያ ቴስታታው ይጣመማል። ቴስታታው በሰንሰለት ማንሻ ይነሣል፤ የሲሊንደሩ ቁጥር ይጻፍበታል፤ ክፍት ቀዳዳ ሁሉ ይሸፈናል። አንዲት ዳዶ ወደ ውስጥ ብትወድቅ ሥራው የላይኛው መሆኑ ቀረ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ካሚቻውን መመልከት ያስፈልጋል። የሆኒንጉ ጭረት በደንብ ከታየ መልካም ነው። ግድግዳው እንደ መስተዋት አንጸባርቆ፣ ደብተሩም የዘይት ፍጆታ መጨመሩን የሚናገር ከሆነ ግን አዲስ ቴስታታ መግጠሙ ብቻውን አይበጅም፤ ፒስቶኑም ይወጣል። አንዳንድ ኃላፊዎች ሞተሩ ቶሎ እንዲነሣ ሲሉ ይህን ማየት አይወዱም። መካኒኩ ግን ያየውን ጽፎ ማስፈረም አለበት።

በመግጠም ጊዜ ብዙ ሰው የሚንቀው ቡሎኑን ነው። በማጥበቂያው ላይ ከምናወጣው ጉልበት አብዛኛው በፍትጊያ ያልቃል፤ ቴስታታውን ወደሚጫነው ኃይል የሚለወጠው ከአሥር አንዱ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ጥርስ ደረቅ፣ ሌላው ዘይት የነካው ከሆነ መለኪያው አንድ ዓይነት ቁጥር እያሳየ የሚጫኑበት ኃይል የተለያየ ይሆናል። ጥርሱ ይጽዳ፣ መመሪያው ያዘዘው ቅባት ብቻ ይቀባ፣ ታችኛው ቀዳዳ ውስጥም ውሃ ወይም ዘይት እንዳይቀር ይነፋ፤ የታመቀ ፈሳሽ ብረት ይሰነጥቃል።

ሞተሩ ተነሥቶ ለጥቂት ሰዓታት ከሠራ በኋላ ቀዝቅዞ ክፍተቱ እንደገና ይታያል፤ የግንዶቹም ከፍታ ይለካል፤ ይህም በአዲስ ገጽ ላይ ዜሮ ሆኖ ይሰፍራል።

በትምህርት ቤቶቻችን ወርክሾፕ እንዲህ ያለ ሞተር ስለሌለ ትምህርቱ አይቀርም። ከአሮጌ ሞተር የወረደ አንድ ቴስታታ ይበቃል። ተማሪዎች የግንዱን ከፍታ ለክተው ይጻፉ፤ ከዚያ መምህሩ ተማሪዎች ሳያዩ አንዱን መቀመጫ በመፈተጊያ ጥቂት ይብላውና ቫልቮቹን መልሶ ይግጠም። በማግሥቱ እንደገና ሲለኩ የተበላው የትኛው እንደሆነ ከደብተራቸው ያገኙታል። ደብተር ያልያዘው ተማሪ ግን ቴስታታውን ቢፈታውም አያገኘውም።