ተፈጥሮ የወሰነውና ሰው የወሰነው

ባለፈው ሰሞን ከእራት በኋላ በመኝታ ቤታችን ደጃፍ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። መነሻው አንዲት የክፍል ጓደኛችን ለማኅበሩ ምርጫ መወዳደሯ ሲሆን፣ ከመካከላችን አንዱ «ሴትን ተፈጥሮ ራሷ ለቤት ፈጥራታለች፤ ምን እናድርግ?» ብሎ ተናገረ። ሌላው ደግሞ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ጨመረበት። ሁላችንም ሳቅንና ክርክሩ በዚያው ተዘጋ። ነገሩ ግን በሣቅ ብቻ የሚታለፍ ስላልመሰለን፣ ተፈጥሮ በእርግጥ የወሰነችው ምን እንደ ሆነ፣ ሰውም በላዩ የጨመረው ምን እንደ ሆነ ለመመርመር ይህችን አጭር ጽሑፍ አዘጋጅተናል። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሆንን፣ የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ስሕተት ቢያገኙብን በሚቀጥለው እትም ቢያርሙን ደስ ይለናል።

በመጀመሪያ ተፈጥሮ የወሰነችውን እንመልከት። ሊቃውንት ወንድንና ሴትን በመሠረቱ የሚለዩት በጢም ወይም በጉልበት ሳይሆን በዘር ሕዋስ መጠን ነው። ትልቁንና ስንቅ የያዘውን ዕንቁላል የሚያዘጋጀው ወገን ሴት ይባላል፤ ትንሹንና ተንቀሳቃሹን የሚያዘጋጀው ወንድ ይባላል። የሰው ዕንቁላል የሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ያህል ስፋት አላት፤ የወንዱ ዘር ግን ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ሴት ልጅ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን የሚደርሱ የዕንቁላል ሕዋሳት ይዛ ትወለዳለች፤ በዕድሜዋ ሙሉ በስለው የሚወጡት ግን ከ400 እስከ 500 ያህል ብቻ ናቸው። ወንዱ በአንጻሩ ከጉርምስናው ጀምሮ በየቀኑ ብዙ ሚሊዮን ያዘጋጃል። ከዚህም በላይ ዘጠኝ ወር መሸከም፣ ማማጥና ማጥባት የሴቲቱ ብቻ ድርሻ ነው። ይህን ማንም ፓርላማ በዐዋጅ ሊለውጠው አይችልም።

ከዚህ ልዩነት ተነሥተው ብዙ ሊቃውንት ሰፊ ሐሳብ አቅርበዋል። እንግሊዛዊው ቤትማን እ.ኤ.አ. በ1948 በትናንሽ ዝንቦች ላይ ባደረገው ፈተና፣ ወንዱ ብዙ ሴቶችን በማግኘት ልጆቹን ሲያበዛ ሴቲቱ ግን ብዙ ወንዶችን በማግኘት ያን ያህል አትጠቀምም አለ። አሜሪካዊው ትሪቨርስ በ1972 ይህን አስፋፍቶ፣ ለልጅ ብዙ የሚደክመው ወገን መራጭ ይሆናል፤ ጥቂት የሚደክመው ደግሞ ተፎካካሪ ይሆናል ሲል ጻፈ። ይሁን እንጂ በ2012 የቤትማንን ፈተና የደገሙ ተመራማሪዎች በአሠራሩ ላይ ጉድለት አግኝተው መደምደሚያው እንደማይጸና አሳይተዋል።

ደግሞም ሕጉ ለእንስሳት ሁሉ አንድ አይደለም። ብዙ ራቅ ሳንል በዝዋይና በአዋሳ ሐይቅ በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ የምትራመደውን፣ ጃካና የምትባለውን ባለ ረጅም ጣት ወፍ እንመልከት። ዕንቁላል የምትጥለው ሴቲቱ ናት፤ ታቅፎ የሚፈለፍለውና ጫጩቶቹን በክንፉ ሥር ይዞ የሚያሳድገው ግን ወንዱ ነው። እርስዋ በአካል ትበልጠዋለች፤ ከአንድ በላይ ባልም ይኖራታል። በሐረር ቅጥር ዙሪያ ሥጋ የሚጎርሰው ጅብም ሌላ ምስክር ነው። ሴቲቱ ትፀንሳለች፣ ትወልዳለች፣ ታጠባለች፤ ቢሆንም በመንጋው ውስጥ የምትገዛው እርስዋ ናት። እንግዲህ መውለድ በራሱ መገዛትን አያስከትልም ማለት ነው።

ወደ ሰው እንመለስ። ጁዲት ብራውን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970 እንዳስረዳችው፣ በየአገሩ ለሴት የሚሰጠው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ከልጅ ጥበቃ ጋር የሚስማማ ነው፤ ይኸውም ለቤት የቀረበ፣ ለሕፃን የማያሰጋና አቋርጠው ተመልሰው ሊይዙት የሚቻል ሥራ ነው። ይህ አስተሳሰብ እናቶቻችን ስለ ምን እንደሚፈትሉ በሚገባ ያስረዳል። ነገር ግን እንዝርቱ የሴት ሲሆን ሸማኔው ስለ ምን ወንድ ሆነ? በአሜሪካ አሪዞና ጎረቤታሞች ከሆኑት ሁለት ነገዶች በሆፒ ዘንድ የሚሸምነው ወንድ ነው፤ በናቫሆ ዘንድ ሴት ናት። የሁለቱም ሴቶች የሚወልዱት ግን በአንድ ዓይነት ነው። ደግሞስ ሴት ጉልበት የላትም የምንል ሰዎች፣ ውኃ የሞላ እንስራ አዝላ ዳገት የምትወጣው ማን እንደ ሆነች እንዴት ረሳን? ያ ሥራ ለቤት የቀረበም፣ ቀላልም አይደለም።

እዚህ ላይ ማረሻን ማንሣት ይገባናል። ኤስተር ቦስሩፕ የተባለችው ዴንማርካዊት የኢኮኖሚ ሊቅ በ1970 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በዶማና በመቆፈሪያ በሚታረስበት አገር ሴቶች ዋና የእርሻ ሠራተኞች እንደ ሆኑ፣ በሬና ማረሻ በገባበት ግን እርሻው የወንድ፣ ቤቱ የሴት እንደሚሆን ገልጻለች። በ2013 የታተመ የሌሎች ሦስት ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ፣ ከማረሻ አገር የተወለዱ ሰዎች እርሻውን ትተው ወደ ሌላ አገር ከተሰደዱ በኋላ እንኳ ልማዱ ከልጆቻቸው እንደማይለቅ አሳይቷል። የኛ ደጋ የሞፈርና የቀንበር አገር ነው። በጉራጌና በሲዳማ በኩል ግን እንሰቱን ፍቃ፣ ቀብራ፣ ቆጮና ቡላ የምታወጣው ሴት ናት፤ ያለ እርስዋ እጅ ቤቱ አይበላም። ስለዚህ «ተፈጥሮ» ብለን የጠራነው ነገር ከፊሉ የበሬ ጉዳይ ነው።

ሕግም የሰው ሥራ እንጂ የተፈጥሮ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ አድርጎ፣ ሴትን በ15 ዓመቷ፣ ወንድን በ18 ዓመቱ እንዲያገቡ ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 ዓመት ወስኖ አለቅነቱን ሻረ፤ የማንም ሴት ማሕፀን ግን በዚያ ዓመት አልተለወጠም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ደግሞ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሰጥ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። መውለድና ማጥባት የእናት ብቻ መሆኑን አንክድም፤ ሕፃኑን ማጠብ፣ ማባበልና ሌሊት መነሣት ግን ጡት አይጠይቅም።

ይህን ሁሉ ስንል ተፈጥሮ ያደረገችው ልዩነት ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። እንዲያውም የሚያሳዝነው፣ በእርግጥ የተፈጥሮ የሆነውን ሸክም ስናቃልል አለመታየታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት እንደ ገመተው፣ በአገራችን ከ100,000 ሕፃናት መወለድ ጋር 412 እናቶች ይሞቱ ነበር። ወንድ በምጥ አይሞትም። ልዩነቱ በእውነት ያለው እዚያ ሳለ፣ እኛ በማኅበር ምርጫ ላይ እናነሣዋለን።

ከመካከላችን ብዙዎቻችን ደብተር ይዘን ለትምህርት ስንላክ እኅቶቻችን እንስራ ይዘው የቀሩ ነን። እነሱን ያስቀራቸው የዕንቁላልና የዘር መጠን አልነበረም፤ ውኃው በቤቱ አለመኖሩና ለመቅዳት የታዘዘችው እርስዋ መሆንዋ ነው። እንግዲህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ ከእንግዲህ «ተፈጥሮ ነው» የሚል ቃል ከአፋችን ሊወጣ ሲል፣ ነገሩ የማሕፀን ነው ወይስ የማጀት ብለን አስቀድመን እንጠይቅ። ጓደኛችንም በምርጫው እንደማንኛችንም በአሳብዋ ትመዘን።