ረጅም የፍለጋ ትእዛዝን በመስመር ስለ መክፈል

በዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሚሠራበት ዩሲፒ 600፣ በሌተር ኦፍ ክሬዲት ዕቃ የላከ ነጋዴ ሌላ ቀን ካልተወሰነለት በቀር፣ ዋናውን የማጓጓዣ ሰነድ ዕቃው በተጫነ በ21 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት። ቀኑ ካለፈ ባንኩ አልከፍልም ሊል ይችላል። ስለዚህ የሥራ መዝገቡን በኮምፒዩተር የያዘ ሰው፣ ፍለጋው ሥራን እንዳይሰውርበት መጠንቀቅ ይገባዋል።

ለምሳሌ ያህል በኦብሲዲያን ማስታወሻ ላይ የሚጨመረውን ታስክስ የተባለ መሣሪያ እንመልከት። በዚህ መሣሪያ እያንዳንዱ መስመር ራሱን የቻለ ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዞቹም ሁሉ በአንድነት መሟላት አለባቸው። በአንዱ መስመር «ባንክ»፣ በሚቀጥለው «ጉምሩክ» የሚል ሥራ ይፈለግ ብለን ብንጽፍ፣ የሚወጣልን ሁለቱንም ቃላት የያዘው ብቻ ነው። ሁለቱ ጉዳዮች ለየብቻ ተመዝግበው እንደ ሆነ ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል፤ ነጋዴውም ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

«ወይም» ለማለት ሁለቱን ሐረጎች በየቅንፋቸው አግብቶ፣ በመካከላቸው «ኦር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በትልልቅ ፊደላት መጻፍ ነው። ትእዛዙ ቢረዝም በመስመሩ መጨረሻ ባክስላሽ የተባለውን ምልክት ማኖር ይበቃል፤ ከምልክቱ በኋላ ግን ምንም አይጻፍ። ያን ጊዜ መሣሪያው የተከፈሉትን መስመሮች እንደ አንድ ትእዛዝ ያነባቸዋል።

በመጨረሻም፣ በዝርዝሩ ከመታመን በፊት አንድ የባንክና አንድ የጉምሩክ ሥራ ለየብቻ መዝግቦ፣ ሁለቱም መውጣታቸውን ማረጋገጥ ይበጃል።