«አብሽር» መልስ አይሆንም



ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ጉዳይ ገበያ ሲናጋ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ሊኖር ስለሚገባው ንግግር ነው። ይህን የምጽፈው እንደ መካሪ ሳይሆን እንደ ጥፋተኛ ነውና ከራሴ ልጀምር።

የምኖረውም የምሠራውም ኮልፌ ቀራኒዮ ነው። አጠና ተራ አካባቢ በሚገኝ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሂሳብ እይዛለሁ። ቁም ሣጥን፣ አልጋና የወጥ ቤት መደርደሪያ እንሠራለን። በ2016 ዓ.ም. ክረምት 22 ሠራተኞች ነበርን። አብዛኞቻችን የተቀጠርነው በዘመድ ቃል እንጂ በወረቀት አይደለም። ባለቤቱን «ሐጂ» እንላቸዋለን። ጁምዓን የምንሰግደው በአንድ መስጊድ ነው፤ በሠርግም በለቅሶም አንለያይም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ማድረጉን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህ ለእንጨት ሥራ ቤት የሩቅ ወሬ አልነበረም። ኤምዲኤፉም፣ ማጠፊያውም፣ ቁልፉም ከውጭ የሚመጣ ነው። ሰኞ ለደንበኛ ዋጋ ቆርጠን ትንሽ ቀብድ እንቀበላለን፤ ሐሙስ ዕቃውን ልንገዛ ስንሄድ ዋጋው ጨምሮ ትርፋችንን በልቶት እናገኛለን።

በነሐሴ አጋማሽ እኔና ሐጂ ተቀምጠን ሂሳቡን አየን። በዚያ አያያዝ ሥራ ቤቱ 22 ሰው ይዞ ከጥቅምት እንደማያልፍ ግልጽ ነበር። ሐጂ መዝገቡን አጠፉና «እስኪለይለት ድረስ ለማንም እንዳትነግር፤ ከሰሙ ይበተኑብናል» አሉኝ። እኔም «እሺ» አልኩ።

በነሐሴ መጨረሻ ከአናጢዎቹ አንዱ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። «ወንድሜ፣ መዝገቡ ያለው በአንተ እጅ ነው። ልጄን ለሚመጣው ዓመት እዚያው በግል ትምህርት ቤት ላስመዝግባት ወይስ ልተወው? ሥራው እንዴት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም «አብሽር፤ ኢንሻአላህ ደህና ነው» አልኩት። በማግሥቱ ሄዶ የመመዝገቢያውንና የሩብ ዓመቱን ገንዘብ ከፈለ።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በአንድ ቅዳሜ ማታ፣ ደሞዝ ሲከፈል ስድስት ሰዎች ከሰኞ ጀምሮ እንዳይመጡ ተነገራቸው። ያ አናጢ አንዱ ነበር። የቀሩት ሠራተኞች «ነገ ደግሞ የእኛ ተራ ነው» አሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የቀለም ባለሙያችንና ሁለት ጎበዝ አናጢዎች ያለ አንዳች ቃል ወደ ሌላ ሥራ ቤት ሄዱ። ሐጂ ዝምታን የመረጡት ሠራተኛው እንዳይበተን ነበር፤ የበተነው ግን ያው ዝምታ ሆነ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የፈጸምነው የአደብ ጉድለት ብቻ አልነበረም፤ የሕግ ጥሰትም ነበር። በአገራችን የኢኮኖሚው አያያዝ በተለወጠ ቁጥር የአሠሪና የሠራተኛ ጉዳይ አብሮ ሲነሣ ኖሯል። በ1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲወጣ፣ በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 42/1985 ወጣ። ያንን አዋጅ ቁጥር 377/1996፣ ይህንንም በተራው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተኩት። ይህ አዋጅ የሥራ መቀዝቀዝና የትርፍ መቀነስ ሠራተኛን ለመቀነስ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል። ነገር ግን ቅነሳው ከሠራተኛው 10 በመቶ የሚሆነውን የሚነካ ከሆነ፣ ወይም ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ቢያንስ 5 ሰው የሚነካ ከሆነ፣ አሠሪው አስቀድሞ ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። ማስጠንቀቂያው ምክንያቱ ተገልጾ በጽሑፍ የሚሰጥ ሲሆን፣ ለተቀናሽ ሠራተኛ ጊዜው 2 ወር ነው። እኛ ግን ሁለት ወሩን በዝምታ በላነው። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ስንት ቀን እንደሆነ ቁጠሩት! ሕጉ ለሠራተኛው የሰጠው ጊዜ ያ ነበር።

ጉዳዩን በዲናችን ብናየውም ያው ነው። በሱረቱል ቀሰስ የተተረከውን የነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ.) ታሪክ እናስታውስ። በመድየን ሽማግሌው ሰው ሙሳን ሊቀጥሩ ሲያስቡ የአገልግሎቱን ዘመን ለይተው ተናገሩ፦ 8 ዓመት ግዴታ፣ 10 ቢሞላ በሙሳ ፈቃድ። ሊያስቸግሩት እንደማይሹም ነገሩት። ሙሳም የገባውን ግዴታ መልሶ ተናግሮ አላህን ምስክር አደረገ። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ፣ በቀጠሮ የሚከፈል ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምለት የሚያዝ ነው። የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲከፈለው የሚያዘውንም ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። እንግዲህ የሠራተኛው ሐቅ ገንዘቡ ብቻ ነውን? ስለ እንጀራው የሚያሰጋ ነገር ሲመጣ በጊዜው ማወቅስ ሐቁ አይደለምን?

ወደ ሥራ ቤታችን ልመለስ። ሥራው በዘጠኝ ሠራተኛ ጎድሎ፣ በጥር ወር ሐጂ የቀረነውን 13 ሰዎች ከዐስር ሶላት በኋላ ሰበሰቡን። ሂሳቡን በእኔ አፍ አስነበቡ፤ የገባውን፣ የወጣውን፣ የቀረውን። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ለታላቅ ሰው፣ ያውም ለዘመድ፣ ስለ ገንዘብ ጥያቄ ማቅረብ በእኛ ዘንድ ነውር ይመስላል። በመጨረሻ አንድ ረዳት ልጅ እጁን አወጣና «ቀብዱን ግማሽ እናድርገውና ዕቃውን በዚያው ቀን እንግዛ፤ ያኔ ዋጋው ቢጨምርም አይነካንም» አለ። ሌላው ቁርጥራጩ ኤምዲኤፍ ከሚጣል የጫማ መደርደሪያ ይሁን አለ። ሁለቱም ሐሳብ በሥራ ላይ ዋለ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ከዚያ ወዲህ ሰው አልቀነስንም።

ረዳቱን ልጅ ይህን ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው ከነሐሴ ጀምሮ ይህንኑ ሲል የነበረው ያ የተቀነሰው አናጢ እንደሆነ ነገረኝ። መድኃኒቱ በእጃችን ነበር፤ የጠየቀው ግን አልነበረም።

ስለሆነም ከዚህ ጉዳይ የተማርኩትን በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ አሠሪ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ክፉውን ወሬ በጊዜው ተናገሩ። «ጊዜው ከብዷል» ማለት አይበቃም፤ ሠራተኛው ስንት ሥራ እንዳለ፣ ለስንት ወር እንደሚበቃና መቼ እንደሚወሰን ማወቅ አለበት።

ሁለተኛ፣ ዘመድም ቢሆን ጻፉለት። የሥራ ውል በቃል ሊደረግ ይችላል፤ ነገር ግን አዋጁ አሠሪው የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አድርጎ ፈርሞ እንዲሰጥ ያዛል። ወረቀት ዝምድናን አያፈርስም፤ እንዲያውም ከጭቅጭቅ ያድነዋል።

ሦስተኛ፣ ሠራተኛ የሆንን ደግሞ በሻይ ቤት የምናወራውን በሥራ ቤት በአደብ እንናገር። ልንለቅ ስንፈልግም ሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠይቀናል። ቅዳሜ ደሞዝ ተቀብሎ ሰኞ መጥፋት በአሠሪው ላይ የነቀፍነውን ያንኑ ጥፋት መድገም ነው።

አራተኛ፣ እንደ እኔ በመካከል የቆምን ሂሳብ ያዦች፣ ካቦዎችና ኃላፊዎች፣ የአሠሪን ምሥጢር መጠበቅ አማና ነው። ነገር ግን ምሥጢር መጠበቅና ሐሰት መናገር ይለያያሉ። ያን ዕለት «ይህን ልመልስልህ አልችልም፤ ሐጂን ጠይቃቸው» ብለው ኖሮ የማንንም አማና አላጎደልኩም ነበር። ሰውየውም ከመክፈሉ በፊት ቆም ብሎ ባሰበ ነበር።

ሐጂ በኋላ ጉዳዩን አስጠይቀው የስድስቱን የስንብት ክፍያ በየወሩ ከፍለው ጨረሱ። እኔም ዐፍው ልጠይቅ ወደ አናጢው ቤት ሄድኩ። አሁን በቤቴል በኩል በቀን ሥራ ነው የሚውለው። ልጁን በዓመቱ አጋማሽ አስወጥቶ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት አዛውሯታል። ቡና ተፈልቶ ስንጠጣ እንዲህ አለኝ፦

«ሪዝቅ የአላህ ነው፤ ሥራው ቀዝቅዞ መውጣቴን አልከፋበትም። እያወቅህ አብሽር ማለትህ ነው የቆጨኝ። አሁን ሌላ ሰው አብሽር ሲለኝ አላምነውም።»

ዐፍው ብሎኛል፤ ነገር ግን ያ ቃል ከጆሮዬ አልጠፋም። አላህ ሐቅን በጊዜው ከሚናገሩት ያድርገን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።