የአገልግሎት ጉዞና መንፈሳዊ ዝግጅቱ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ሆይ፣ ክረምት ሲገባና ትምህርት ሲዘጋ ከመካከላችን ብዙዎች ወደ ገጠር አብያተ ክርስቲያናት ለአገልግሎት ለመሄድ ስማቸውን ያስመዘግባሉ። ስም ለማስመዝገብ አንድ እሑድ ይበቃል። የመኪና ኪራይ ማዋጣቱ፣ ሳሙናና ደብተር ማሰባሰቡ፣ ከወረዳው ቤተ ክህነት ፈቃድ ማውጣቱ ጥቂት ሳምንታት ይፈጃል፤ ይህንንም ኮሚቴው ያውቅበታል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ጊዜ የሚፈልገው፣ ኮሚቴም ሊሠራልን የማይችለው አንድ ዝግጅት ግን አለ፤ ይኸውም የሚሄደው ሰው የራሱ የነፍስ ዝግጅት ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለዚሁ ጥቂት ልንማማር ወደናል።

አንዳንዶቻችን «መንፈስ ቅዱስ ይመራናል እንጂ ይህን ያህል ዝግጅት ምን ያደርጋል?» እንላለን። አነጋገሩ መንፈሳዊ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሐዋርያት እንዲህ አላደረጉም። እነርሱ ከጌታ እግር ሥር ተቀምጠው የተማሩ፣ ትንሣኤውን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ነበሩ። ሆኖም ጌታ ሲያርግ ወዲያው ውጡና አስተምሩ አላላቸውም፤ ኃይልን ከላይ እስኪለብሱ ድረስ በኢየሩሳሌም እንዲቆዩ አዘዛቸው (ሉቃ. 24፥49፤ የሐዋ. ሥራ 1፥4)። ከዕርገት እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 10 ቀናት ሥራቸው በአንድ ልብ ሆኖ መጸለይ ነበር። መንፈስ ቅዱስን ከተቀበሉ በኋላም ወደ ዓለም ለስብከት ከመሰማራታቸው በፊት ጾሙ። ቤተ ክርስቲያናችን ጾመ ሐዋርያት ብላ ከሰባቱ አጽዋማት አንዱ አድርጋ የምትጾመው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ጾም እዚህ ላይ አንድ ነገር ብንጨምር ደስ ይለናል። ጾመ ሐዋርያት ወይም በተለምዶ የሰኔ ጾም የምንለው ከጰራቅሊጦስ ማግሥት ሰኞ ገብቶ ሐምሌ 5 ቀን በቅዱስ ጴጥሮስና በቅዱስ ጳውሎስ በዓል ይፈታል። ትንሣኤ በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል ጾሙም ሲረዝም 49 ቀን፣ ሲያጥር 15 ቀን ይሆናል። በከተማ ብዙ ሰው «የቄስ ጾም ነው» እያለ ያልፈዋል፤ ወጣቶችም ከፈተና ጋር ስለሚገጥምብን ይህችን ምክንያት እንወዳታለን። ነገር ግን ለአገልግሎት መንገደኛ ከዚህ ጾም የተሻለ የሚስማማው ከቶ የለም፤ ገና ከመጀመሪያው የተጾመው ስለ መላክ ነውና። የክረምት ጉዞ የምንወጣ ሰዎች ሰኔን በልተን ሐምሌን «ለወንጌል» ብንል ነገሩ ከጅራቱ ይጀመራል።

ወደ አንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን እንለፍ። በዚያ የነበሩት ነቢያትና መምህራን ሲጾሙና ሲያገለግሉ ሳሉ በርናባስና ሳውል እንዲለዩ መንፈስ ቅዱስ ተናገረ። ቃሉን ከሰሙ በኋላም ሳይቸኩሉ እንደ ገና ጾመው፣ ጸልየው፣ እጃቸውንም ጭነው ላኳቸው (የሐዋ. ሥራ 13፥1-3)። መንፈስ ቅዱስ በግልጥ ከተናገረ በኋላ ሁለተኛ ጾም ለምን አስፈለገ? እኛ እንደሚመስለን ጥሪ መስማት አንድ ነገር፣ ጥሪውን ለመሸከም መዘጋጀት ደግሞ ሌላ ነገር ስለ ሆነ ነው። ደግሞም ላኪዎቹ ራሳቸው ጾመዋል። ጾሙ ለተጓዦቹ ብቻ የተተወ አልነበረም።

ከእነዚህ ሁለት ሐዋርያት ጋር ረዳት ሆኖ የሄደ አንድ ወጣት ነበር፤ ዮሐንስ ማርቆስ ይባላል። የዚህን ወጣት ታሪክ ከሁሉ አስበልጠን ልናየው ይገባናል፤ እርሱ እኛን ይመስላልና። እናቱ ማርያም ምእመናን ተሰብስበው የሚጸልዩበት ቤት ባለቤት ነበረች (የሐዋ. ሥራ 12፥12)። ጸሎትና ጾም ባለበት ቤት ያደገ፣ ሐዋርያት ከደጃፉ የሚገቡና የሚወጡ፣ በዛሬ አነጋገር የቤተ ክርስቲያን ልጅ ማለት ነው። ከእነ በርናባስ ጋር ቆጵሮስን አዳርሶ ባሕሩን ተሻግሮ ጴርጌን ሲደርስ ግን ትቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ (13፥13)።

ለምን እንደ ተመለሰ መጽሐፍ አይነግረንም። የመንገዱ ድካም ይሁን፣ ናፍቆት ይሁን፣ ሌላ ነገር ይሁን፣ በግምት በሐዋርያ ላይ መፍረድ አይገባንም። እኛ የምንማረው ከዚያ በኋላ ከሆነው ነው። ጳውሎስና በርናባስ ለሁለተኛ ጊዜ ሊወጡ ሲሉ በርናባስ ማርቆስ አብሮ ይሂድ አለ፤ ጳውሎስ ደግሞ ከመካከል የተለየንን አንይዝም አለ። ክርክሩም እስኪለያዩ ድረስ በረታ፤ በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ፣ ጳውሎስ ሲላስን ይዞ ወደ ሶርያና ኪልቅያ ሄዱ (15፥36-41)። እንግዲህ ልብ እንበል፤ አንድ ሰው ከመንገድ ሲቀር የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም። ሁለት ታላላቅ ሐዋርያት እንኳ በዚሁ ምክንያት ተለያይተዋል።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። ቅዱስ ጳውሎስ በመጨረሻ ዘመኑ ታስሮ ሳለ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዞት እንዲመጣ፣ ለአገልግሎት እንደሚጠቅመው ይነግረዋል (2ኛ ጢሞ. 4፥11)። ያ ከጴርጌን የተመለሰው ወጣት ወንጌል ጸፈ፤ በግብፅ አስተማረ፤ በእስክንድርያም ሰማዕትነት ተቀበለ፤ በዓሉን ሚያዝያ 30 ቀን እናከብራለን። ቤተ ክርስቲያናችን በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነው እስኪሾሙ ድረስ 1600 ዓመት ያህል ጳጳስ ስትቀበል የኖረችው ከዚሁ ከማርቆስ መንበር ነው። ስለዚህ ባለፈው ጉዞ ከመንገድ የተመለሰ ወንድም ወይም እኅት ዘንድሮ ስሙን ሲያስመዘግብ አንዳንዶቻችን ፊታችንን ባናጠቁር መልካም ነው። እንደ ጳውሎስ የሚጠነቀቅ ያስፈልገናል፤ እንደ በርናባስ የሚታገሥም ያስፈልገናል። ማንኛው ለየትኛው ሰው እንደሚስማማ የሚያውቁት ደግሞ የንስሐ አባት ናቸው።

ንስሐን ካነሣን ዘንድ፣ ከመካከላችን የንስሐ አባት የሌለው ካለ ከጉዞው አስቀድሞ ይያዝ። ለመነሻው ዋዜማ የሚቆይ ነገር አይደለም፤ የሚሰጠን ቀኖና ራሱ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቀኖናውን ፈጽሞ መቁረብም እንዲሁ። ከቆረቡ በኋላ በዚያው ዕለት ሩቅ መንገድ መሄድ እንደማይገባ ስለምናውቅ፣ እሑድ ቆርቦ ከቅዳሴ መልስ መኪና ላይ መውጣት አይሆንም። ኮሚቴው የመነሻውን ቀን ሲቆርጥ ይህን ያስብልን።

ከንስሐ ጋር እርቅ ይሄዳል። በጉዞ ላይ ጠብ የሚነሣው እምብዛም በሃይማኖት ነገር አይደለም። ማን ከሹፌሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ ከበሮውን ማን ይመታል፣ ማን ብዙ ጊዜ እንዲሰብክ ተሰጠው፣ ወጥ የሚሠሩት ለምን ሁልጊዜ እኅቶች ብቻ ይሆናሉ በማለት ነው። (ይህ የመጨረሻው ጥያቄ እውነትም መልስ የሚገባው ነው፤ ወንድሞች ሽንኩርት መላጥ አብረን እንማር።) በከተማ ተቀያይመን የቆየን ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሰሌን ዘርግተን ማደር ስንጀምር ቂሙ ይገለጣል። መባ ከማቅረብ በፊት ከወንድም ጋር መታረቅ እንዲቀድም ጌታ አስተምሯል (ማቴ. 5፥23-24)፤ ጉዟችንም መባ ነው ካልን እርቁ እዚሁ ይፈጸም። ጌታ ሰባውን አርድእት ሁለት ሁለት አድርጎ እንደ ላካቸው፣ እኛም ሁለት ሁለት ሆነን በመጨረሻዎቹ 28 ቀናት አብረን ብንጸልይ ጥሩ ነው። 28 ያልነው የሐዋርያት ሥራ 28 ምዕራፍ ስለ ሆነ ነው፤ በቀን አንድ ምዕራፍ፣ ጠዋት የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ ማታ ከዳዊት መዝሙር አንድ። ይህ ለሚሠራም ለሚማርም አይከብድም። በጸሎታችን ገና ፊታቸውን ያላየናቸውን የዚያን አጥቢያ ሰዎች እናስብ።

እንግዲህ ስለሚቀበሉን ሰዎች እንነጋገር። ከዩኒቨርሲቲ የመጣን ሰዎች «ልናስተምራቸው ነው የምንሄደው» ማለት ይቀናናል። በዚያ አጥቢያ ዳስ ሥር ደበሎ ለብሶ የሚማር፣ አኩፋዳውን አንግቶ ቁራሽ የሚለምን የአብነት ተማሪ ግን ዳዊትን በቃሉ ይደግማል። ከእኛ መካከል ይህን የሚችል ስንት ነው? እርሱም ከእኛ የሚማረው ነገር አለ፤ ስለ ጤና አጠባበቅ፣ ስለ ሒሳብ፣ ስለ ቋንቋ። ነገር ግን ተማሪም መምህርም ሆኖ የሚሄድ ሰውና መምህር ብቻ ሆኖ የሚሄድ ሰው በበሩ ሲገቡ ያስታውቃሉ። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በአራተኛው መቶ ዓመት ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብለው ከመመለሳቸው በፊት ብዙ ዘመን በአክሱም ኖረው ነበር። በልጅነታቸው ወደዚህች አገር ገብተው፣ በቤተ መንግሥት አገልግለው፣ ሕዝቡን አውቀው ነበር። ወደ እስክንድርያም የሄዱት ለራሳቸው ሹመት ሳይሆን ለሕዝቡ ጳጳስ ሊለምኑ ነው። ተሰዓቱ ቅዱሳንም የግዕዙን ቋንቋ ተምረው መጻሕፍትን እንደ ተረጎሙልን አባቶች ያስተምሩናል። እኛም አማርኛ የአፍ መፍቻ ወዳልሆነበት አጥቢያ የምንሄድ ከሆነ፣ ቢያንስ ሰላምታውን፣ የጌታንና የእመቤታችንን ስም አጠራር፣ «አመሰግናለሁ» የሚለውን ቃል በአገሩ ቋንቋ እንወቅ። በአስተርጓሚ የሚሰብክም ጊዜው በግማሽ እንደሚያንስበት አውቆ ትምህርቱን አስቀድሞ ያሳጥር።

ስለ ስንቅ አንድ ጥያቄ ዘወትር ይነሣል። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ እንጀራም ከረጢትም ገንዘብም እንዳይዙ አዟል (ማር. 6፥8)፤ ታዲያ እኛ ለምን እንይዛለን? ይኸው ጌታ በሕማማቱ ሌሊት ያለ ኮሮጆ በላካቸው ጊዜ አንዳች ጎድሏቸው እንደ ነበረ ጠይቆ፣ ከእንግዲህ ግን ኮሮጆ ያለው ይያዝ ብሏቸዋል (ሉቃ. 22፥35-36)። ቅዱስ ጳውሎስም በሰው ላይ እንዳይከብድ በእጁ እየሠራ አገልግሏል (2ኛ ተሰ. 3፥8)። የመጀመሪያው ትእዛዝ እምነታችን በከረጢታችን ላይ እንዳይሆን ይጠብቀናል፤ ሁለተኛው በድሃ ትከሻ ላይ እንዳንወድቅ። ሐምሌና ነሐሴ በብዙ የገጠር ቤት ያምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ገና ያልደረሰበት ወቅት ነው። ባላገሩ እንግዳ መጣልኝ ብሎ ተበድሮም ቢሆን ያበላናል። ስለዚህ ሽሮውን፣ በሶውን፣ ቆሎውን ይዘን እንሂድ፤ እንደ ደረስንም ለቄሰ ገበዙ እናስረክብ። ተደብቆ ለብቻ መብላት ግን ነውር ነው፤ ያቀረቡልንንም ባርከን እንብላ (ሉቃ. 10፥7-8)። ወሩ የአረም ጊዜ ስለ ሆነ ገበሬውን በሥራ ቀን ለጉባኤ መጥራትም አይገባም። ጉባኤው ለሰንበትና ለበዓል ይሁን፤ በሥራ ቀን እኛው ወደ መበለቲቱና ወደ አቅመ ደካማው እርሻ ወርደን እንረም። ከዚህ ሁሉ ስብከት የትኛው እንደሚታወስ እንጃ።

ስለ ስልካችንም ጥቂት። ለአንዲት ባልቴት ሳሙና ስንሰጥ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ያንኑም ለወዳጅ ማሠራጨት እየተለመደ መጥቷል። ጌታ ግን ምጽዋት በስውር እንዲሆን አስተምሯል (ማቴ. 6፥3-4)። ለኮሚቴው ሪፖርት የሚያስፈልገውን የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያና የግድግዳውን ስንጥቅ አንድ የተመደበ ሰው ያንሣ፤ የተረጂ ፊት ግን አይነሣ። ሌሎቻችን ስልካችንን እስከ ማታ አጥፍተን ብንቆይ የሚጎድልብን ነገር የለም።

በመጨረሻ በሥራ፣ በሕመም ወይም በቤተሰብ ጉዳይ መሄድ ያልቻላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ አንጾኪያ ላይ ጾመው እጅ ጭነው የቀሩትን አስቡ። የተጓዦቹን ክርስትና ስም ዝርዝር ከጸሐፊው ወስዳችሁ በየቀኑ ሦስት ሦስት ስም በጸሎት አንሡልን። ደብተርና ሳሙና የምታመጡም ከመነሻው ሳምንት በፊት ባለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ አስረክቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።