የድሮ የእንግሊዝ ፔኒ ዋጋ እንዴት ይታወቃል?

አሮጌ የእንግሊዝ ሳንቲም እጁ የገባ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ዕድሜውን ነው። ዕድሜ ግን ደካማ መለኪያ ነው። ከ1,600 ዓመት በላይ የቆዩ የሮማውያን የነሐስ ሳንቲሞች በጥቂት ፓውንድ ይገኛሉ፤ የ1933 ፔኒ ደግሞ በአሥር ሺዎች ፓውንድ ተሽጧል። በዚያ ዓመት ባንኮች በቂ ፔኒ ስለነበራቸው ጥቂት ብቻ ተመታ፤ ያም በተለይ በአዳዲስ ሕንፃዎች የመሠረት ድንጋይ ሥር እንዲቀመጥ ነበር። ዛሬ የሚታወቁት ሰባት ያህል ናቸው። ዋጋን የሚወስነው ስንቱ ተመታ፣ ስንቱስ ሳያልቅ ተረፈ የሚለው ነው።

ስለዚህ ሥራው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከተጻፈው ዓመት ይጀምር፤ ቀጥሎ የዚያ ዓመት ምርት በሳንቲም መዝገብ ይታይ። የ1951 ፔኒ 120,000 ብቻ ተመትቶ አብዛኛው ወደ ቤርሙዳ ስለተላከ ተፈላጊ ነው። የ1967ቱ ግን ከ654 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ያው ዓመት እንደተጻፈበት እስከ 1970 ድረስ ይመታ ነበርና ማንም አይጓጓለትም። ከዓመቱ በኋላ በማጉያ መነጽር ፊደል ይፈለጋል። አንዳንድ የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ፔኒዎች ከዓመቱ ሥር ‹ኤች› የምትል የላቲን ፊደል አላቸው፤ በበርሚንግሃሙ የሂተን ፋብሪካ መመታታቸውን ታሳያለች። በ1882 ፔኒ ላይ የሚፈለገው የፊደሏ አለመኖር ነው፤ ፊደል የሌለው እጅግ ብርቅ ስለሆነ ‹ኤች›ን ፍቀው የሚሸጡ አሉ፤ ከዓመቱ ሥር ያለውን ቦታ ደህና አድርጎ ማየት ይገባል። ከዚያ ይመዘን፤ ከ1860 እስከ 1970 የተመታ የነሐስ ፔኒ 9.4 ግራም ያህል ነው፣ ማግኔትም አይስበውም።

«የቪክቶሪያ ሳንቲም ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት እንዴት ርካሽ ይሆናል?» የሚል ይኖራል። መልሱ እነዚህ ፔኒዎች እስከ 1971 ድረስ የገበያ ገንዘብ ሆነው መቆየታቸው ነው። ከእጅ እጅ ሲዞሩ ገጻቸው ስላለቀ፣ ያረጀው ሞልቷል፤ የጠፋው የንግሥቲቱ ፀጉርና አገሪቱን በሴት አምሳል የምትወክለው የብሪታኒያ ምስል ዝርዝር ሳይደበዝዝ የተረፈው ነው። «ታዲያ አጥቤ ባሳምረውስ?» ለሚለው ደግሞ፣ አይታጠብ፣ አይወልወል። ቡናማው ሽፋን እድፍ አይደለም፤ ሰብሳቢ የሚከፍለው ላልተነካ ገጽ ነው፤ የተፈገፈገ ሳንቲም ብርቅ ዓመት ቢሆንም ዋጋው ይወርዳል። ሳንቲሙን በጠርዙ ይያዙት።

በመጨረሻ ዋጋ ሲጠየቅ፣ ሻጭ የጠራውን ሳይሆን ተመሳሳይ ይዞታ ያለው ሳንቲም በሐራጅ የተሸጠበትን ይመልከቱ። የ1933 ፔኒ በርካሽ ከቀረበልዎ ግን ሐሰተኛ ነው ብለው ይጀምሩ፤ ባለሙያ ሳያየው ገንዘብ አይክፈሉ።